5,000 ሊብራ መዳብ

በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኝቼ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ካርታዎች የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ደራሲው ጠርተውኝ ከፊት ረድፍ ተቀምጫለሁ። ንግግሩ አልቆ ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ አንድ አዛውንት ተነሡና መጽሐፉን ከፍ አድርገው ያዙ። «እነዚህን ካርታዎች ማን ነው የሠራቸው? ገባር ወንዞቹ እንኳን ሳይቀሩ በቦታቸው ተቀምጠዋል» አሉ። ደራሲው ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ካርታዎቹ በብዙ ጥናት የተዘጋጁ ናቸው» ብለው መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ቀጣዩ ጠያቂ ተነሣ።

ቂም አልያዝኩም። ክፍያዬን በወቅቱ ተቀብያለሁ፤ ደራሲውም ክፉ ሰው አይደሉም። የከነከነኝ መልሱ ራሱ ነው። አዛውንቱ «ማን» ብለው ጠየቁ፤ የተሰጣቸው መልስ ግን ሰው የሌለበት ነው። «ብዙ ጥናት» የሚባል ሰው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የተከዜን መታጠፊያ ሲሥል ያደረ ይመስላል። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሳብላላው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ካርታ በከፈትኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

በዚያው ሰሞን ለሌላ ሥራ የቆዩ የአትላንቲክ ጠረፍ ካርታዎችን ስፈልግ አንቶኒዮ ፍራንቼስኮ ሉቺኒ ከሚባል የፍሎረንስ ሰው ጋር ተዋወቅሁ። ትውውቃችን በኮምፒውተር መስኮት በኩል ነው፤ ሰውየው ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሉቺኒ የመዳብ ቀራጭ፣ ማለትም ካርታ የሚታተምበትን የመዳብ ሰሌዳ የሚቀርጽ ባለሙያ ነበር። በ1646 እና በ1647 ፍሎረንስ ውስጥ የታተመውን «ዴል አርካኖ ዴል ማሬ» የተባለውን ግዙፍ የባሕር መጽሐፍ ካርታዎች በሙሉ የቀረጸው እሱ ነው። የመጽሐፉ ስም ስለ ባሕር ምሥጢር ማለት ነው። በፊት ገጹ ላይ የሚነበበው ስም የባለቤቱ የሮበርት ደድሊ ነው። ከካርታዎቹ በአንዱ ታች ጥግ ላይ ግን፣ ምስሉን ብዙ ጊዜ ካላጎሉት በማይታይ ደቃቅ ፊደል፣ «ኤ. ኤፍ. ሉቺኒ ሠራው» የሚል አገኘሁ።

ዓይኔ እዚያች ጥግ ላይ ተተክሎ ቀረ። የመጣሁበትን ጠረፍ መፈለጉንም ተውኩት።

ስሙን በፍርድ ቤት ያጣው መስፍን

ካርታዎቹን ያሠራው ሰው ሕይወት ለብቻው አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል። እኔ ግን ቶሎ ላልፈው እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ሥራ በተጻፈ ነገር ሁሉ ቦታውን የሚይዘው እሱ ነውና። ሮበርት ደድሊ በ1574 ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ባለሟል የነበረው የሌስተር ኧርል ሲሆን እናቱ ደግላስ ሼፊልድ የምትባል የቤተ መንግሥት እመቤት ነበረች። በሁለቱ መካከል ጋብቻ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ተከተለው። በሃያ ዓመቱ መርከቦች አስታጥቆ ወደ ትሪኒዳድ ተጓዘ፤ ከዚያም ወርቅ ፍለጋ ሰዎቹን ወደ ኦሪኖኮ ወንዝ ላከ። በ1596 በስፔን ወደብ በካዲዝ ላይ በተደረገው ዘመቻ ተካፈለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕጋዊ ልጅነቱን ለማስመስከር ስታር ቻምበር ከሚባለው ችሎት ፊት ቆመ። በ1605 ተፈረደበት፤ ምስክሮቹ የሰጡት ቃልም ታሽጎ እንዲቀመጥ ታዘዘ።

በዚያው ዓመት እንግሊዝን ለቆ ወጣ። ሚስቱንና ሴት ልጆቹን ትቶ፣ ኤልሳቤጥ ሳውዝዌል የምትባለውን ወጣት የወንድ አሽከር ልብስ አልብሶ ይዟት ኮበለለ። እዚህ ላይ ስደርስ ለሰውየው የነበረኝ ርኅራኄ በግማሽ ቀነሰ። ያም ሆነ ይህ ፍሎረንስ ገብቶ በሜዲቺ መሳፍንት ቤት አገልጋይ ሆነ፤ በሊቮርኖ ወደብ መርከብ አሠራ። በ1620 የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ ዳግማዊ የኖርተምበርላንድ መስፍንነቱን አወቀለት። ይህ ማዕረግ የአያቱ ነበር፤ አያቱ በ1553 አንገቱን ተቀልቷል። እንግሊዝ ማዕረጉን አልተቀበለችውም፤ በፍሎረንስ ግን በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ታተመ።

እንግዲህ ሀገሩ የነሣውን ስም በሌላ ሀገር ወረቀት ላይ ያሳተመ ሰው ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ መርከብ አሠራር፣ ስለ ምሽግ፣ ስለ ባሕር መሣሪያዎችና ስለ አቅጣጫ ስሌት የሚናገሩ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ካርታዎቹ ብቻ 130 ያህል ናቸው። የዓለምን ባሕሮች በሙሉ በሜርካቶር ዘዴ የሣለ የመጀመሪያው የባሕር አትላስ ነው። በዚህ ዘዴ በአንድ አቅጣጫ ሳያጥፍ የሚሄድ መርከብ መንገዱ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በተጨማሪም የሚዘወተረው ነፋስ፣ የባሕሩ ጅረትና የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን የሚያፈነግጥበት መጠን ሰፍሮበታል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ለዚህ ደድሊን ማንም አይከራከረውም።

እጁ ይቆማል፣ ባሕሩ ይዞራል

የእኔ ልብ ግን ያለው ከመዳቡ ዘንድ ነው። ካርታ በመዳብ ሲቀረጽ ሰሌዳው በመጀመሪያ ይቀጠቀጣል፣ ይፋቃል፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይወለወላል። ከዚያ ስስ ሰም ይቀባና ሥዕሉ ተገልብጦ ይገለበጥበታል። ማተሚያው መልሶ ስለሚያዞረው ሰሌዳው ላይ ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ መሆን አለበት፤ ምሥራቁ በግራ፣ ምዕራቡ በቀኝ፣ የላቲኑ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ። ሉቺኒ 130 ያህል ካርታ የሚሞሉ የወደብ፣ የወንዝ አፍና የደሴት ስሞችን ሁሉ የጻፈው እንዲህ አድርጎ ነው።

መሣሪያው ቡሪን ይባላል። ጫፉ በሰያፍ የተሳለ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ዘንግ ነው፤ ከመዳፍ ውስጥ የሚገባ አጭር የእንጨት እጀታ አለው። እንደ ብዕር ወደ ራስ አይሳብም፤ ወደ ፊት ይገፋል። በተገፋ ቁጥር ከፊቱ ቀጭን የመዳብ ክር ይነሣል፤ በቦዩ ግራና ቀኝ የሚቀረው ሻካራ ጠርዝ በኋላ ተፍቆ ይጠራል። ቀጥ ያለ መስመር በክንድ ኃይል ይሄዳል። መታጠፊያ ሲመጣ ግን ቀራጩ እጁን አያዞርም። ሰሌዳው አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ ስለተቀመጠ በግራ እጁ ሰሌዳውን ያዞረዋል። ስለዚህ የአንድን የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ ሲቀርጽ እጁ ይቆማል፣ ባሕሩ ይዞራል። ይህን ሳውቅ ከወንበሬ ተነሥቼ ክፍሉን ዞር ዞር አልኩበት።

ጥልቀቱ የቀለሙን ጥቁረት ይወስናል። ተቀርጾ ሲያልቅ ቀለም በቦዮቹ ውስጥ በኃይል ይታሻል፤ ላይኛው ገጽ በጨርቅ፣ በመጨረሻም በመዳፍ ይጠረጋል። እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በሁለት ከባድ ሮለሮች መካከል ያልፋል። ወረቀቱ ከቦዮቹ ውስጥ ቀለሙን መጥጦ ይወጣል። አንድ ፊደል ቢሳሳትስ? ቦታው ተፍቆ ይጎደጉዳል፤ ከሰሌዳው ጀርባ በመዶሻ ተመትቶ ይነሣል፤ ተለስልሶ እንደ አዲስ ይቀረጻል። እኔ ስሳሳት ሁለት ቁልፍ በአንድነት እጫናለሁ፤ ስሕተቱ እንዳልተፈጠረ ይጠፋል።

አሁን ወደ ካርታዎቹ ጠጋ እንበል። የዘመኑ ካርታ ሠሪዎች ባዶ ባሕር ያስፈራቸው ነበር፤ በዓሣ ነባሪ፣ በጭራቅና ቀንደ መለከት በሚነፋ ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ ይሞሉታል። በደድሊ መጽሐፍ ውስጥ ባሕሩን የሚሞላው የእጅ ጽሕፈት ነው። የአንድ ውቅያኖስ ስም በትልልቅ ዘንባላ ፊደል ይጻፋል፤ ከፊደሉ ጅራት የሚወጣው መስመር ወደ ክፍቱ ውኃ ይዘልቃል፣ ይጠቀለላል፣ ራሱን አቋርጦ ያልፋል፣ ተመልሶ ይቀጥናል። ምስሉን አጉልቼ አንዱን ጅራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩት። እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይጀምራል፤ መሐል ላይ ሲደርስ ይወፍራል፤ ያ ማለት እዚያ ላይ የቀራጩ መዳፍ ጠበቅ ብሏል፣ ቡሪኑ ጠልቆ ገብቷል። ከዚያ ቀስ እያለ ይነሣል፤ መስመሩም ባለበት ይጠፋል። ራሱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አንዳች መንቀጥቀጥ የለም። ካርታ ላይ ስም ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ይላል። ስሙ ከጠረፉ መራቅ የለበትም፣ ጠረፉንም መንካት የለበትም፣ ከጎረቤቱ ስም ጋር መጋጨት የለበትም፤ ይህን ሁሉ ደግሞ በተገላቢጦሽ።

በላዩ ላይ የሜርካቶር ጣጣ አለ። በዚህ ዘዴ የኬክሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ በሄዱ ቁጥር እየተራራቁ ይሄዳሉ። ርቀቱ የሚወጣው በስሌት ነው፤ መዳቡ ላይ የሚያሰምረው ግን እጅ ነው። በካርታው ጠርዝ ዙሪያ ያሉት የዲግሪ መለኪያዎች አንድ በአንድ መቀረጽ ነበረባቸው። ዛሬ ማንም የማያያቸው፣ ከዓይን የሚያመልጡ ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው። እኔ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው።

ደድሊ ትሪኒዳድን በዓይኑ አይቷል። የመርከቡ መሪ የነበረው አብርሃም ኬንዳል ጠረፉን ያውቅ ነበር። በ1608 ከቶስካና ወደ አማዞን አካባቢ የተላከው ካፒቴን ሮበርት ቶርንተንም ወሬ ይዞ ተመልሷል። ሉቺኒ ግን ከመዳቡ ጋር ነው የዋለው። ከዚህ ሥራ በፊት፣ በ1631፣ ኦቶማኖች በ1565 ማልታን የከበቡበትን ጦርነት የሚያሳዩ የመዳብ ሥዕሎችን ቦሎኛ ውስጥ አሳትሟል፤ መነሻው ማቴዮ ፔሬዝ ዳሌቾ በቫሌታ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የሣላቸው ሥዕሎች ናቸው። እሱ ሳይወለድ ያለቀ ጦርነት ነው። ያላየውን ጦርነት ቀረጸ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያላየውን ባሕር ቀረጸ። ሙያው ይኸው ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ያልረገጥኩትን ወረዳ እሥላለሁ።

ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ

ይህን ሁሉ ሳገላብጥ የብራና መጻሕፍታችን ትዝ አሉኝ። በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ቁም ጸሐፊው የሚያሰፍረው ልመና አለ፤ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ»፣ ለጻፈውም ላጻፈውም ምሕረት እንዲደረግ። አንዳንዱ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ቃሉን ለሰማውም ይጨምራል። ያጻፈው ባለጠጋ ወይም ባላባት ነው፤ ወርቁን ያወጣ፣ ፍየሉን ያሳረደ እሱ ነው። የጻፈው ደግሞ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ፣ ዓይኑን ያደከመ ድኻ ደብተራ ሊሆን ይችላል። በዚያች አንዲት መስመር ላይ ግን ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የጻፈውም ቀድሞ ነው የሚጠራው። ይህን ልማድ ያመጣው ሰው ስለ ክፍያና ስለ ክብር ብዙ ያሰበ ይመስለኛል።

ማተሚያ ከመጣ በኋላ ነገሩ ተወሳሰበ፤ ምክንያቱም በጻፈውና ባጻፈው መካከል ሌሎች እጆች ገቡ። ከሉቺኒ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1548 እና በ1549፣ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ አሳትመዋል። እሳቸውና ጓደኞቻቸው በቫቲካን አጠገብ በነበረው የሐበሾች ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ የሚኖሩ መነኮሳት ነበሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢ የተጻፈ አንድ የይቅርታ ቃል አለ። አሳባቸው ይህ ነው፤ ፊደሉን የለቀሙት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፤ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተናል፤ ለተገኘው ስሕተት እኛንም እነሱንም ይቅር በሉ።

«እኛንም እነሱንም።» ይህን ያህል የታረመ ልብ ያለው ይቅርታ በየትኛውም መቅድም ላይ አላነበብኩም። ስሕተቱን በአታሚዎቹ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር፤ ዛሬ የምናደርገውም ያንን ነው። መነኮሳቱ ግን የእነዚያን ስማቸው የማይታወቅ ጣሊያናውያን ሠራተኞች እጅ ከራሳቸው ጋር አንድ ላይ ቆጠሩት። የማያነቡትን ፊደል የለቀሙ እጆችና ያላየውን ወንዝ የቀረጸ እጅ በእኔ ዓይን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ቀራጩ ሲናገር

ደድሊ በ1649 ፍሎረንስ አጠገብ በሚገኘው የካስቴሎ ቪላ ሞተ። ሁለተኛው እትም የወጣው በ1661 ነው፤ አሳታሚዎቹ ጃኮፖ ባኞኒ እና ራሱ አንቶኒዮ ፍራንቼስኮ ሉቺኒ ናቸው። በካርታው ጥግ በደቃቅ ፊደል የነበረው ሰው አሁን ከመጽሐፉ ባለቤቶች አንዱ ሆኗል። በመግቢያው ላይም ደብዳቤ ጻፈ። እንዲህ ይላል፤ በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት አሳልፌያለሁ፤ በቶስካና በምትገኝ በማትታወቅ ትንሽ መንደር ከሰው ተገልዬ፤ የፈጀሁትም መዳብ ከ5,000 ሊብራ አያንስም።

ይህን ከአንድ የካርታ ታሪክ ጽሑፍ ላይ ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በምረቃው ዕለት ከአንገቴ ሥር የቆመችው ነገር አሁን ወረደች። ለምን እንደወረደች ግን ወዲያው አልገባኝም፤ ደጋግሜ ማሰብ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያልተናገረውን ነገር ልቁጠር። በዚያ ቃሉ ውስጥ ጥበበኛ ነኝ አይልም። ሥራዬ ውብ ነው አይልም። በፊደሉ ጅራት አይኩራራም፤ እኔ ብሆን በዚያ ነበር የምጀምረው። ያቀረበው ሒሳብ ነው፤ ዘመንና ክብደት። ይህን ያህል ዓመት ሰጠሁ፣ ይህን ያህል ብረት አለቀ። ውበት ያከራክራል፤ ችሎታም ያከራክራል፤ ሚዛን ላይ የወጣ መዳብ ግን አያከራክርም። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንላለን። ሉቺኒ በእጁ የነበረው መዳቡ ራሱ ነበር፤ እንደ መዳብነቱም በሊብራ አስቆጠረው።

እስቲ እኛም እንመዝነው። የፍሎረንስ ሊብራ 340 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሚዛን 5,000 ሊብራ 1,700 ኪሎ ግራም ይሆናል። ርዝመቱ 48፣ ወርዱ 38 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሰሌዳ ቢኖር ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝናል። በዚህ ስሌት ከ500 በላይ ሰሌዳዎች ማለት ነው። ካርታዎቹ 130 ገደማ ቢሆኑም አንዳንዶቹ የዚህን እጥፍ ይሰፋሉ፤ በዚያ ላይ የመርከቡ፣ የምሽጉና የመሣሪያው ሥዕል ብዛት አለ። ተበላሽቶ የተጣለም ሰሌዳ አይጠፋም። ወደ መንደሪቱ ይህን ሁሉ መዳብ ያደረሱት በቅሎዎች ቢናገሩ እነሱም መግቢያ ይጽፉ ነበር።

ቁጥሮቹ ትንሽ ክብ ክብ እንዳሉ አላጣሁትም። አሥራ ሁለት ዓመት፣ አምስት ሺህ ሊብራ። የእጅ ባለሙያ ሥራውን ሲያወራ ትንሽ ማድመቁ አይቀርም፤ አናጢ ጓደኞቼን አውቃቸዋለሁ። በዚያ ላይ በ1661 ሉቺኒ ነጋዴም ነው፤ ገዥው ዋጋውን እንዲያምን ድካሙን ቢዘረዝር አይፈረድበትም። አንድ ወዳጄ ይህን ሳጫውተው «ታዲያ ማስታወቂያ ነዋ!» አለኝ። ይሁን፣ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ መሆኑ ግን መዳቡን አያቀለውም። ደግሞስ «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የሚለው ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

የበለጠ ያሳሰበኝ ጊዜው ነው። ደድሊ ከሞተበት 1649 እስከ 1661 ድረስ ያለው ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ሰሌዳዎቹን ለመቅረጽ ከወሰደበት ጊዜ ጋር እኩል። በዚህ መገጣጠም ላይ ትርጉም ልጭን አልፈልግም። ግን መስፍኑ በሕይወት ቢኖር ያ ደብዳቤ በመጽሐፉ ራስ ላይ ይገባ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። አይመስለኝም። ደድሊ የገዛ ስሙን ለማስመለስ ችሎት የቆመ፣ ሀገር የለወጠ፣ ከንጉሠ ነገሥት ማዕረግ የተቀበለ ሰው ነው። ስም ማጣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ለሌላው ስም ይጠነቀቃል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ በሕይወት ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው። ስሙን በትግል ያገኘ ሰው የፊት ገጹን ለማንም አያካፍልም። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የጥጉን ፊርማ አልከለከለም፤ በ1646 ለአንድ ቀራጭ ያ ራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ደራሲዬንም ያየኋቸው በዚህ መንገድ ነው። መጽሐፉን ለማሳተም ስንት በር እንዳንኳኩ አውቃለሁ። በዚያ ማታ መድረኩ የእሳቸው ብቻ እንዲሆን ቢፈልጉ ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን እቀበለዋለሁ ማለት አይደለም።

ምልክቷ

በሁለተኛው እትም ሉቺኒ መግቢያ ብቻ ጽፎ አልተወም። በካርታ ሰሌዳዎቹ ላይ አዲስ ነገር ተቀርጿል፤ ስድስተኛ መጽሐፍ ማለት የሆነ አጭር ምልክት፣ «ኤል» ፊደልና የስድስት ቁጥር፣ ከካርታው ርእስ አካባቢ። ለጠራዡ ቦታውን የሚያሳይ ቀላል ነገር ነው። ሆኖም ያ መዳብ ከተቀመጠበት እንደገና ወጥቶ፣ ተጠርጎ፣ ከቡሪን ሥር ገብቷል ማለት ነው።

ዛሬ ከመጽሐፉ ሙሉ ቅጂዎች ይልቅ ለገበያ የሚወጡት የተገነጠሉ ቅጠሎች ናቸው። ነጋዴዎች አትላሱን እየበተኑ ቨርጂኒያን ለአንዱ፣ ጃፓንን ለሌላው ይሸጣሉ። ይህን ልማድ አልወደውም። በቅጠሉ ላይ የጥጉ ፊርማ አብሮ ይሄዳል፤ መግቢያው ግን ከጥራዙ ጋር ይቀራል። ገዥው ካርታውን ሳሎኑ ውስጥ ሲሰቅል አሥራ ሁለቱን ዓመትና መዳቡን አይሰማም። የሽያጭ መግለጫው «ደድሊ» ብሎ በትልቁ ይጀምርና ቀራጩን ወረድ ብሎ በአንድ ሐረግ ያነሣዋል።

የመጀመሪያውን እትም ከሁለተኛው የሚለዩት በዚያች ትንሽ ምልክት ነው። ምልክቷ ከሌለች ቅጠሉ የ1646 ወይም የ1647 ነው ተብሎ ይወደዳል፤ ካለች በኋላ የመጣ ነው ተብሎ ዋጋው ረገብ ይላል። እኔ ገንዘብ ኖሮኝ አንድ ቅጠል ብገዛ ምልክቷ ያለችበትን ነው የምመርጠው። ያ ቅጠል የታተመው ሉቺኒ ራሱ አሳታሚ በሆነበት ጊዜ ነው፤ ደግነቱ ደግሞ ርካሹ እሱ ነው።